ማኅፀን ሳይወጣ በሩን ስለ ማንሣት፦ የአንድ ስያሜ ጉዳይ

የማኅፀን በር ካንሰር ያገኛቸው ወጣት ሴቶች ከሕክምናው በኋላ መውለድ እንዲችሉ የሚደረገውን ጥረት የሚገልጹ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ተርጓሚውን የሚያስቸግረው የሕመሙ ስም አይደለም። «ነቀርሳ» ነባር ቃል ቢሆንም «የሳንባ ነቀርሳ» ሌላ በሽታ ስለሆነ «ካንሰር» መጽናቱን እንቀበላለን። ችግሩ ያለው ከአካሉ ክፍል ስም ላይ ነው።

ላቲኑም ግሪኩም ይህን ክፍል «አንገት» ሲሉት አማርኛ «የማኅፀን በር» ወይም «የማኅፀን ጫፍ» ይለዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዳንኤል ዳርዣን በ1994 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ቀዶ ሕክምና የተሰየመው በግሪኩ አንገት ነው። ሕመሙ ሳይስፋፋ፣ እብጠቱም በአብዛኛው ከ2 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ ሲገኝ፣ በሩና በዙሪያው ያለው ሥጋ ተቆርጦ ይወጣል፤ ማኅፀኑ ግን ይቀራል፤ ፅንስ እንዲይዝም አፉ በክር ይታሰራል። ይህን «የማኅፀን ቀዶ ሕክምና» ብሎ ማሳጠር ከባድ ስሕተት ነው። በጅማ የቦሳ አዲስ ነዋሪ የሆነች ወይም ከአጋሮ የመጣች ወጣት ይህን ብትሰማ «ማኅፀኔ ሊወጣ ነው» ብላ ትረዳለች። አስተርጓሚው በኦሮምኛ «ጋዳሜሳ» ብሎ ሲደግመው ስሕተቱ አብሮ ይሻገራል፤ ፈቃዷን የምትሰጠውም የምትነፍገውም በዚያው ቃል ነው። ስለዚህ ቢረዝምም «ማኅፀንን አስቀርቶ በሩን ማንሣት» የሚለውን እንመርጣለን።

እንቁልእጢን ከጨረር ለማራቅ ከፍ አድርጎ መስፋትንም «ማዛወር» እንበለው። «ንቅለ ተከላ» ከሌላ ሰው የተወሰደ አካል ያስመስላል። ማኅፀኑ ራሱ በጨረሩ ስለሚጎዳ፣ ማዛወሩ ብቻውን ፅንስ ለመሸከም ዋስትና አለመሆኑም አብሮ ይነገር።

ለጠቅላላው ሕክምና «መካንነትን መከላከል» የሚል ስያሜ ሲቀርብ እንሰማለን። «መካን» ሰውን የሚፈርጅ፣ ብዙ ጊዜም ስድብ የሆነ ቃል ነው፤ ለታመመች ልጅ አስቀድሞ ሊነገራት አይገባም። «የመውለድ ዐቅምን ማቆየት» ይሻላል። «ማቆየት» ገበሬው ለዘር ከሚያቆየው እህል ጋር ይስማማል፤ «ዘር» የሚለው ቃላችንም እህሉንም ልጁንም ይይዛል። (የቡና አገር ሰው ግንዱ ተቆርጦ ዳግመኛ የሚያቈጠቍጥበትን «ጉንደላ» ያስታውሰን ይሆናል፤ ለሴት አካል ግን አንመክረውም።)

በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማዕከል ከተከፈተ ወዲህ «እንቁላል ማቀዝቀዝ» የሚለውም አነጋገር መጥቷል። የሚቀዘቅዝ ቢራ ነው፤ «እንቁላልን በቅዝቃዜ ማቆየት» ቢባል ከላይ የመረጥነው ግሥ እዚህም ያገለግላል።