አሳታሚና ማተሚያ ቤት አንድ አይደሉም

ሰሞኑን አንድ ወጣት ደራሲ ረቂቁን በፌስታል ይዞ ቢሯችን መጣና «አንድ ሺህ ኮፒ በስንት ታትሙልኛላችሁ?» አለኝ። ጥያቄው በየጊዜው ስለሚደርሰኝ ግልጽ ላድርገው።

የሚያትመው ማተሚያ ቤቱ ነው፤ እንደ ብርሃንና ሰላም ያለው። ወረቀቱንና ቀለሙን አስልቶ ያስከፍላል። አሳታሚ ግን ረቂቁን አንብቦ ይመርጣል፣ ያርማል፣ ወጪውን ይችላል፣ መጽሐፉን ለአከፋፋይ ያደርሳል። ካልተሸጠ ኪሳራው የእሱ ነው። «ገንዘቡን አምጣና ላሳትምልህ» የሚላችሁ ሰው አገልግሎት እየሸጠ ነው። ነውር የለበትም፤ ግን በስሙ ይጠራ።

እኛን አሳታሚዎችን የሚፈትነን ወረቀት ነው። ትልቁ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ይወጣዋል። 224 ገጽ በ14 እጥፋት ልክ ይሞላል፤ 225ኛዋ ገጽ ግን ሌላ እጥፋት ታስጀምራለች። አርታኢው «ይቺን አንቀጽ እንቀንሳት» እያለ የሚለምናችሁ አንዳንዴ ለዚህ ነው።

የቅጂ መብቱስ? በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ከተፈጠረ ጀምሮ የደራሲው ነው፤ ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት። ለአሳታሚ የምትሰጡት ሁሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የኮፒው ብዛት፣ የውሉ ዘመንና የእናንተ ድርሻ ይገለጽበት።

ያልገባችሁን አንቀጽ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ጥያቄ ያላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።