ለቀለበት ፎቶግራፍ ከቦታው በፊት ወሩና ሰዓቱ

በደቡብ ጎንደር ዞን በእስቴ ወረዳ በምትገኘው መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ እንዲሁም በአጎራባቾቹ በጋይንትና በስማዳ፣ ጥርና ሚያዝያ የቀለበትና የሠርግ ወራት ናቸው። ቀደም ባለው ዘመን ጋብቻ በሽማግሌ አማካይነት በሁለት ቤተሰቦች መካከል የሚያልቅ ጉዳይ ስለነበር፣ ተጫጪዎቹ ከሠርጉ ቀን በፊት ጎን ለጎን ቆመው ፎቶግራፍ መነሳት ይቅርና በቅጡ የማይተያዩበት ጊዜ ብዙ ነበር። ዛሬ ግን መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች፣ የፍርድ ቤትና የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች መርጠው ተፈቃቅደው ቀለበት ሲያስሩ፣ “ፎቶውን የት እንነሳ?” የሚለው ጥያቄ ከድግሱ ዝግጅት ባልተናነሰ ሁኔታ ያከራክራል። በእርግጥ ጥያቄው የሚነሳው ሁለቱም ወገኖች በፌዴራሉም ሆነ በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የተደነገገውን 18 ዓመት የሞሉ ሲሆኑ ነው።

ጉዳዩ ከላይ ሲታይ ቀላል ቢመስልም በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሠራተኛ ቀላል አይደለም። ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ሄዶ ለመነሳት የመኪና ኪራይ፣ የአልጋ፣ የምግብና የፎቶግራፍ አንሺው አበል ሲደመር የአንድ ወር ደመወዝን አልፎ የሚሄድበት አጋጣሚ ብዙ ነው። በዚህ ላይ በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት የመንገድ ጉዞን አስቸጋሪ አድርጎት በመቆየቱ፣ ከከተማ ወደ ከተማ የሚደረግ ጉዞ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄም የሚጠይቅ ሆኗል። ይህን ሁሉ ወጪ ያወጡ ተጫጪዎች ይዘውት የሚመለሱት ፎቶግራፍ አንዳንዴ በገዛ ቀበሌያቸው ሊነሱት ከሚችሉት ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱ የቦታው ጉድለት ሳይሆን የወሩና የሰዓቱ ምርጫ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከፀሐይዋ መጀመር ይገባል። መካነ ኢየሱስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል በሚያህል ርቀት ላይ ትገኛለች። በዚህ ኬክሮስ ላይ ባሉ ቦታዎች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ በቀትር ልክ በአናት ላይ ትሆናለች። የአገራችን ሰዓት የሚለካው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለ መስመር በመሆኑ ደግሞ እውነተኛው ቀትር በአካባቢው የሚውለው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ብርሃን ከአናት ሲወርድ ቅንድብ በዓይን ላይ፣ አፍንጫም በከንፈር ላይ ጥላ ይጥላሉ። የሰውየው ግንባር ያበራል፤ ዓይኑ ግን ጉድጓድ ይመስላል። ከትንሣኤ በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት ከዚሁ ጊዜ ጋር መገጣጠሙ ለፎቶግራፍ አንሺዎች የማይመች አጋጣሚ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የራሱን የቀለበት አልበም በገለጠ ቁጥር ይህንኑ ያስታውሳል። ወሩ ሚያዝያ፣ ሰዓቱ ሰባት ሲሆን ምሳ ሳይቀርብ ቶሎ እንጨርስ ተብሎ የተነሳ ነው። በአርባ ፎቶግራፎች ውስጥ የሙሽሪት ዓይን የሚታየው በሁለቱ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱም የተነሱት በአጋጣሚ ከቤቱ ክዳን ጥላ ሥር ነው።

የጥር ፀሐይ ከዚህ የተለየች ናት። በጥምቀት ሰሞን በቀትር እንኳ ወደ ደቡብ ያዘነበለች በመሆኗ ብርሃኗ ከጎን ይመጣል፤ ጥላውም ለስለስ ይላል። ይሁንና በጥርም ቢሆን የተሻለው ጊዜ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላም ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ድረስ ያለው ነው። በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች በተለይ ቢጫ ብርሃን ይሰጣሉ።

ሁለተኛው ችግር ከልብስ የሚመጣ ነው። በአካባቢው ለቀለበት የሚለበሰው አብዛኛውን ጊዜ ነጭ የሐበሻ ልብስ ነው። ካሜራም ሆነ የእጅ ስልክ በፊቱ ብዙ ነጭ ነገር ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ስለሚመስለው የሚያስገባውን ብርሃን ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት ጥበቡ ጎልቶ ፊት ይጠቁራል። ልምድ ያለው ፎቶግራፍ አንሺ ልኩን የሚወስደው ከልብሱ ሳይሆን ከፊት ነው። በስልክ የሚያነሳ ሰው ደግሞ በመስታወቱ ላይ የተጫጪዋን ፊት በጣቱ ቢነካ ስልኩ ልኩን ከዚያ ይወስዳል። ሰዎቹን ከዛፍ ወይም ከግድግዳ ጥላ ሥር አቁሞ፣ ፊታቸውን ክፍት ወደሆነው ሰማይ ማዞር ሌላው መፍትሔ ነው። ከፊት ለፊታቸው የተዘረጋ ነጭ ጋቢም ብርሃንን መልሶ ወደ ፊት ስለሚያንጸባርቅ፣ በከተማ ስቱዲዮዎች ብዙ ገንዘብ የሚጠየቅበትን መሣሪያ ይተካል።

ወደ ወቅቶቹ ስንመጣ፣ የአባቶች አቆጣጠር ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ደግሞ እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃሉ። በተለምዶ “ጸደይ” የሚለውን ቃል ለመስከረም የምንጠቀምበት ብንሆንም የአበባው ወቅት ትክክለኛ ስሙ መጸው ወይም ጽጌ ነው።

ለውጪ ፎቶግራፍ ከሁሉ የሚበልጠውም ይኸው መጸው ነው። በመስከረምና በጥቅምት የአደይ አበባ ዳገቱን፣ የድንበር ግንቡንና የመንገዱን ዳር ቢጫ ያደርገዋል። ዝናቡ አየሩን አጥቦት ስለሚሄድ ከመካነ ኢየሱስ አካባቢ ከፍታዎች የጉና ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ጉና ቁመቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ 100 ሜትር የሚበልጥ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ የሆነ ተራራ ነው፤ በአናቱም ጅብራና አስታ ይበቅሉበታል። ተራራውን ከሩቅ ከበስተጀርባ አድርጎ መነሳት አንድ ነገር ሲሆን ወደ ላይ ወጥቶ መነሳት ግን ሌላ ነው። ብርዱ በስስ ቀሚስ የሚቻል አይደለም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ውርጭ አለ። ስለ ነፋስ የሚጠይቅ ካለም የላይ ጋይንት ከተማ የሆነችው ነፋስ መውጫ በስሟ መልሳለታለች፤ እዚያ የሚነሳ ሰው ነጠላውን አጥብቆ ቢይዝ መልካም ነው።

በኅዳር ጤፉ ወርቃማ ይሆናል፤ ገብሱና ስንዴውም ለአጨዳ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ የሚታየው ጥፋት አዝመራ ውስጥ ገብቶ መነሳት ነው። ሁለት ተጫጪዎች፣ አንድ ፎቶግራፍ አንሺና ስድስት ሚዜዎች ለሩብ ሰዓት የቆሙበት የጤፍ ማሳ ተመልሶ አይቀናም፤ የተኛ ጤፍ ይረግፋል፣ ለማጨድም ያስቸግራል። የመንግሥት ሠራተኛ የገበሬውን ዓመት ሙሉ ልፋት ረግጦ የሚያነሳው ፎቶግራፍ በአካባቢው ሰው ዘንድ የሚያተርፍለት ስም ጥሩ አይሆንም። በማሳው ዳር፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ማንሳት አዝመራው መሐል የተቆመ ያህል ያሳያል።

በጋው እየገፋ ሲሄድ መሬቱ ይራቆታል። በየካቲትና በመጋቢት አቧራና ጭጋግ ሩቁን ስለሚሸፍኑት ተራራ ፍለጋ መውጣት አይጠቅምም፤ ወቅቱም የዐቢይ ጾም ስለሆነ ጥያቄው ብዙ አይነሳም። የክረምቱ ደመና በሌላ በኩል ለፊት ተስማሚ የሆነ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል፤ ጭቃውና የወንዞች ድንገተኛ ሙላት ግን በሐምሌና በነሐሴ ከቤት ደጅ ርቆ መሄድን አይመክሩም።

አካባቢው ያለው ትልቁ ጥላ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ወይራው፣ ጽዱና ዋንዛው ለዘመናት ተጠብቀው የቆዩት በአጸዱ ውስጥ በመሆኑ ብዙዎች ወደዚያ ያያሉ። ቦታው የጸሎትና የመቃብር ስፍራ እንጂ መናፈሻ ባለመሆኑ አስተዳዳሪውን ወይም ቄሰ ገበዙን ማስፈቀድ፣ ቅዳሴና ፍትሐት በሌለበት ሰዓት መሄድ፣ ከቅጥሩ ውጪ ባለው ጥላ መወሰንም ይሻላል።

ወደ ከተማ መሄድ የፈለጉም ቢሆኑ ወቅቱን ማወቅ አለባቸው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን ሞልቶ የሚወርደው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በ1956 እና በ1993 ዓ.ም ሥራ የጀመሩት ሁለት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ውኃውን ከፏፏቴው በላይ ስለሚጠልፉት፣ በበጋ ሄደው ቋጥኝ ብቻ አይተው የተመለሱ አሉ። በባሕር ዳር የጣና ዳርቻና የዘንባባ ጎዳናዎች ዓመቱን ሙሉ ያገለግላሉ፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ድልድይም በማታ መብራቱ ተፈላጊ ሆኗል። በጎንደር እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ የመግቢያ ክፍያና የራሱ ደንብ አለው። የፋሲለደስ መዋኛን ከነውኃው ማየት የሚቻለው በጥምቀት ሰሞን መሆኑን ሳያውቁ በሌላ ወር የሚሄዱ ደረቁን ገንዳ ያገኛሉ። በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት የሙሽሮች መነሻ የነበሩት ብሔረ ጽጌ መናፈሻና የግዮን ሆቴል የአትክልት ስፍራ ሲሆኑ፣ በ2013 ዓ.ም የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ሌላ አማራጭ ሆኗል። በየትኛውም ከተማ ቢሆን በድሮን ለማንሳት ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ ያስፈልጋል።

ታዲያ አበባው በጥቅምት፣ ቀለበቱ በጥር ከሆነ ምን ይደረግ? ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ እንደ ዓመቱ ባሕረ ሐሳብ ይለያያል፤ ጾሙ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ስለሚሆን የከተማዋ ጥቂት ፎቶግራፍ አንሺዎች በቅዳሜና በእሑድ ይጣበባሉ። መፍትሔው የፎቶግራፉን ቀን ከቀለበቱ ቀን መለየት ነው። ሁለት ወር ቀድሞ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር መጀመሪያ፣ በአንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መነሳት ይቻላል። ለሙስሊም ተጫጪዎችም ረመዳን በየዓመቱ ወደፊት እየቀደመ ስለሚመጣ ይኸው አካሄድ ያገለግላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሽማግሌ ሳይላክና የልጅቱ ቤተሰብ እሺታውን ሳይሰጥ አብሮ ፎቶግራፍ መነሳት በእስቴም ሆነ በጋይንት እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ከዚያም ብሶ ፎቶግራፉ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ቀድሞ ከወጣ፣ አባት የልጃቸውን መታጨት ከጎረቤት ስልክ ላይ ያያሉ። በዚህ የተነሳ የተቀየመን አባት ለማስታረቅ ሽማግሌዎች ሁለተኛ ዙር መመላለስ ግድ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሽምግልናው፣ ቀጥሎ ፎቶግራፉ፣ ከቀለበቱ በኋላ ደግሞ ለሕዝብ ማሳየቱ ይሆናል።

የከተማ አስተዳደሮችም የሚሠሩት ነገር አለ። በአንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ ሠላሳ አገር በቀል ዛፎች፣ ሁለት የድንጋይ መቀመጫዎችና ወደ ምዕራብ የሚያይ ክፍት ሜዳ ያለው አነስተኛ አረንጓዴ ስፍራ ተከልሎ ቢጠበቅ ተጫጪዎች፣ ተመራቂዎችና ክርስትና የሚያነሱ ቤተሰቦች ይገለገሉበታል። በየክረምቱ ከሚተከለው ችግኝ ጥቂቱን ለዚህ መመደብ የተለየ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከተተከለ በኋላ የሚያጠጣና የሚጠብቅ ሰው ነው። የባሕር ዛፍ ቁጥቋጦ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ጥላው ሳስቶ በፊት ላይ ዝንጉርጉር ብርሃን ይጥላል።

በመጨረሻ የሚቀረው የኅትመቱ ነገር ነው። ዛሬ አብዛኛው ፎቶግራፍ በስልክ ውስጥ ቀርቶ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲሰበር አብሮ ይጠፋል። ከተነሳው መካከል አሥሩን መርጦ በወረቀት አሳትሞ፣ ግማሹን በሙሽራው፣ ግማሹን በሙሽሪት ወላጆች ቤት ማስቀመጥ ባሕር ዳር ደርሶ ለመመለስ ከሚወጣው የመኪና ኪራይ እጅግ ያነሰ ወጪ ነው።