ተጨማሪ መረጃ፦ መኪና የሚይዘው ዋልካ

ከባሕር ዳር በሐሙሲት በኩል ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ነው። በክረምት ከአስፋልቱ ወርዶ የፎገራን ሜዳ ወደ ጣና ዳር ለማቋረጥ የሚሞክር ሾፌርን ግን፣ ላንድክሩዘር ቢነዳም፣ ዋልካ ይይዘዋል።

ዋልካ ከ30 በመቶ በላይ ሸክላ ያለበት ጥቁር አፈር ነው። የሸክላው ማዕድን እንደ ደብተር ገጾች የተደራረበ ስለሆነ ውሃ በገጾቹ መካከል ሲገባ ያብጣል። በበጋ ተሰነጣጥቆ የነበረው መሬት ሐምሌ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠጣል፤ የጉማራና የርብ ወንዞች ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ደግሞ ይብስበታል። አፈሩን መውቀስ ግን ተገቢ አይመስለኝም። ፎገራ የሩዝ አገር የሆነው ይኸው አፈር ውሃ ይዞ ስለሚያቆይ ነው።

አራቱም ጎማዎች ከሞተሩ ኃይል እያገኙ መኪናው ለምን ይቆማል? ጎማ መሬቱን ቆንጥጦ ካልያዘ ኃይል ብቻውን አይገፋም። ዋልካ በጎማው ጥርሶች መካከል ተጠቅጥቆ ያለሰልሰዋል። ዲፈረንሻሉ ካልተቆለፈ አንዱ ጎማ በከንቱ ሲሽከረከር ጓደኛው ቆሞ ይቀራል። ሾፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ጎማው የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል፤ የመኪናው ሆድ ጭቃው ላይ ሲያርፍ ደግሞ ክብደቱ ከጎማዎቹ ላይ ይነሣል።

ስለዚህ መርገጡን ቶሎ መተው ነው። ጭቃውን ከጎማው ፊት በአካፋ መጥረግ፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ መጎዝጎዝ፣ የጎማውን አየር ቀነስ ማድረግ፣ ከዚያም በከባዱ ማርሽ በዝግታ መውጣት። በሌላ መኪና የሚጎተት ከሆነ ማንም ሰው ገመዱ አጠገብ አይቁም፤ ተወጥሮ የተበጠሰ ገመድ ሰው ይገድላል።