የባግራሙ የጭነት አውሮፕላን አደጋ፦ ተረትና እውነታ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2013 በአፍጋኒስታን ከሚገኘው የባግራም አየር ሰፈር ወደ ዱባይ የተነሣው የናሽናል ኤርላይንስ ቦይንግ 747-400 የጭነት አውሮፕላን፣ መሬት በለቀቀ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቅንቶ ካዘገመ በኋላ ወደ ጎን ተጋድሞ ቁልቁል ወደቀ፤ የተሳፈሩት 7 የበረራ ሠራተኞችም በሙሉ ሞቱ። አወዳደቁ በአንድ መኪና ላይ በተገጠመ ካሜራ ተቀርጾ በመላው ዓለም ስለታየ፣ መርማሪዎች ሥራቸውን ሳይጨርሱ በአብራሪዎች ዘንድ ስለ መንሥኤው ልዩ ልዩ ግምቶች ተሰነዘሩ።

ከግምቶቹ አንዱ አውሮፕላኑ ከምድር በተተኮሰ መሣሪያ ተመትቷል የሚለው ነበር። ታሊባን ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ማለቱ፣ እንዲሁም በ2003 ባግዳድ ላይ አንድ የዲኤችኤል ኤርባስ ኤ300 የጭነት አውሮፕላን በእርግጥ በሚሳይል ተመትቶ እንደነበር መታወሱ ለዚህ እምነት ክብደት ሰጥቶታል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የመራው ምርመራ የጥቃት ምልክት አላገኘም።

ከዚህ ይልቅ በብዙ አብራሪዎች ዘንድ ሥር የሰደደው ግምት፣ ጭነቱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የአውሮፕላኑን የክብደት ማዕከል አዛባው የሚለው ነው። የክብደት ማዕከል ማለት የአውሮፕላኑና የጭነቱ ክብደት በሚዛን የሚያርፍበት ነጥብ ሲሆን፣ ይህ ነጥብ ከተፈቀደለት ወሰን አልፎ ወደ ጅራት ከሸሸ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ በመጨረሻም ክንፎቹ የማንሣት ኃይላቸውን ያጣሉ፤ አብራሪዎች ስቶል የሚሉትም ይህንን የመጨረሻ ሁኔታ ነው። ግምቱ በከፊል ትክክል ነበር። አውሮፕላኑ ፈንጂ እንዲቋቋሙ የተሠሩ 5 ወታደራዊ ተሽከርካሪዎችን፣ ሁለቱን እያንዳንዳቸው 12 ቶን፣ ሦስቱን ደግሞ እያንዳንዳቸው 18 ቶን የሚመዝኑትን ጭኖ ነበር፤ ከእነዚህም ቢያንስ አንዱ፣ ከኋላ የነበረው፣ ማሰሪያውን በጥሶ ወደ ጅራት ተንሸራቷል። ነገር ግን በምርመራው የተሠራው የበረራ ስሌት፣ ከዚህ መንሸራተት የሚመጣው የሚዛን ለውጥ ብቻውን አውሮፕላኑን ከቁጥጥር ውጭ እንደማያደርገው አሳይቷል።

እውነተኛው መንሥኤ ያለው ተሽከርካሪው በደረሰበት ቦታ ነው። ከጭነት ክፍሉ በስተኋላ ያለውን ግድግዳ ጥሶ ሲገባ፣ ከአራቱ የሃይድሮሊክ ሥርዓቶች፣ ማለትም በግፊት በሚገፋ ፈሳሽ የመቆጣጠሪያ ክፍሎችን ከሚያንቀሳቅሱት ሥርዓቶች፣ ሁለቱን ከጥቅም ውጭ አደረገ፤ ከዚህም አልፎ የጅራቱን አግድም ክንፍ የሚደግፈውንና የሚያስተካክለውን ብሎን መሰል ዘንግ ሰበረ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ይህ ክንፍ ስለሆነ፣ ዘንጉ ከተሰበረ በኋላ አብራሪው መሪውን በሙሉ ኃይሉ ወደ ፊት ቢገፋም አውሮፕላኑ ሊታዘዝለት አይችልም። በምስሉ ላይ የሚታየው ሁሉ የዚህ ስብራት ውጤት ነው፤ ምስሉ ሲጀምር ጉዳቱ ደርሶ አልፏል። ማስረጃው የተገኘው በመንደርደሪያው ሜዳ ላይ ነበር፤ አውሮፕላኑ ከወደቀበት ስፍራ ርቀው የሃይድሮሊክ ቱቦና የጅራት አካል ስብርባሪዎች ተለቅመዋል፤ በጅራት በኩል የተቀመጡት የበረራና የድምፅ መቅጃዎችም ከመነሣቱ ብዙም ሳይቆይ መቅዳት አቁመዋል። ስለዚህ አብራሪዎቹ አፍንጫውን አለቅጥ አንሥተውታል፣ ወይም ፈጥነው ቢነቁ ያድኑት ነበር የሚለው ወቀሳ ሟቾቹን ያለ በደላቸው የሚኮንን ነው፤ ምንም ሊያደርጉ የሚችሉት ነገር አልቀረላቸውም ነበር።

ወቀሳው ከአብራሪዎቹ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በጭነት ኃላፊው ላይ ነው። ጭነቱ በትክክል አለመታሰሩ እውነት ነው፤ ሠራተኞቹም ከባግራም ከመነሣታቸው በፊት አንድ ማሰሪያ መበጠሱን አንሥተው ሲነጋገሩ በድምፅ መቅጃው ተሰምቷል። ሆኖም ኃላፊው የሠራው በእጁ በነበረው የኩባንያ መመሪያ ሲሆን፣ መመሪያው ራሱ ጎዶሎ ነበር። አንድ የማሰሪያ ቀበቶ 5,000 ፓውንድ፣ ማለትም 2,270 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲይዝ ቢሠራም፣ ይህ አቅም ሙሉ የሚሆነው ቀበቶው ጭነቱ ሊንሸራተት በሚችልበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ሲወጠር ነው፤ ከወለሉ ወደ ላይ እየቀና በሄደ መጠን ጭነቱን ወደ ታች ይጫነዋል እንጂ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ የሚይዝበት ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል። የኩባንያው መመሪያ ይህንን የማዕዘን ጉዳይ በአግባቡ ስላላካተተ፣ ቀበቶዎቹን እየቆጠረ ጭነቱ በቂ ማሰሪያ እንዳለው የሚያምን ሰው ሊሳሳት የግድ ነበር።

ቦርዱ በጁላይ 2015 ባሳለፈው ውሳኔ ለአደጋው ዋና መንሥኤ ያደረገው የኩባንያውን የአስተሳሰር ሥርዓት ጉድለት ሲሆን፣ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ቁጥጥር መላላትንም አስተዋጽኦ ያደረገ ምክንያት ብሎታል። አብራሪውም መካኒኩም የሙያ ፈቃድ እንዲይዙ ሲገደዱ ልዩ ጭነት የሚያስሩ ሰዎች ግን ከመንግሥት እንዲህ ያለ የምስክር ወረቀት አይጠየቁም ነበር፤ ቦርዱም ለእነርሱ የምስክር ወረቀት እንዲዘጋጅ ለአስተዳደሩ ሐሳብ አቅርቧል።