ከፓምፑ በፊት መጋዘኑ

ከባሕር ማዶ የመጣ ዘመድ ክንዱ ላይ የለጠፋትን ክብ ሴንሰር ያየ የመቀሌ የስኳር ታማሚ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋዋን ነው። ኪስ የሚጎዳው ግን የዓመቱ ወጪ ነው።

የስኳር መጠንን ሌት ተቀን እየለካ ወደ ስልክ የሚልከው የተለመደው ሴንሰር ለ14 ቀን ያህል ሠርቶ ይጣላል። በዓመት 26 ያስፈልጋል ማለት ነው። አንዱን በ50 ዶላር ብናስበው 1,300 ዶላር ይሆናል። የባንክ ዶላር 57 ብር አካባቢ ሳለ ይህ 74,100 ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ በ140 ብር ሲሰላ 182,000 ብር ገባ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ደመወዝ አዲስ የዲግሪ ምሩቅ በወር 11,500 ብር ያገኛል፤ ግብር ሳይነካው በዓመት 138,000 ብር መሆኑ ነው። ኢንሱሊን የሚሰጠውን ፓምፕ ገና አልጨመርንም!

የፓምፑ ጣጣ ደግሞ ከዋጋ ያልፋል። በመርፌ የሚወሰደው ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊን ከቆዳ ሥር ተቀምጦ ቀስ እያለ ይለቀቃል፤ ሰውነት ውስጥ ያለ መጠባበቂያ ነው። ፓምፕ ግን ፈጣኑን ኢንሱሊን ብቻ በጥቂት በጥቂቱ ያንጠባጥባል። ቱቦው ቢዘጋ፣ ባትሪው ቢያልቅ ወይም በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ የሚቀየረው መርፌና ቱቦ ከገበያ ቢጠፋ፣ ታማሚው በሰዓታት ውስጥ ደም ውስጥ አሲድ ወደሚከማችበት አደጋ ሊገባ ይችላል። ክምችት አልባ አቅርቦት የሚያዋጣው መንገድ፣ መብራትና ባንክ በማይቋረጥበት አገር ነው።

መቀሌ ሦስቱንም አጥታ አይታለች። በትግራይ ጦርነት ጊዜ የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ኢንሱሊን እያለቀባቸው መሆኑን፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እስከ መጠቀም መድረሳቸውንም ተናግረዋል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በጥር 2014 በአውሮፕላን ያስገባው የሕክምና ቁሳቁስ ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ባንክ ዝግ ስለነበር ቆጣቢውም ከደሃው እኩል ባዶ እጁን ቀርቷል።

ስለዚህ በእኔ ሚዛን የአገሪቱ የመድኃኒት ዶላር መጀመሪያ መዋል ያለበት ርካሽ ለሆነው ሂዩማን ኢንሱሊንና ለመለኪያ ስትሪፕ ነው። በቀን 4 ጊዜ የሚለካ ሰው በዓመት 1,460 ስትሪፕ ይፈጃል፤ ይህንንም የሚችለው ስንቱ ነው? ቀጥሎ መጋዘን። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ስለሚቀመጥ፣ ክምችት ያለ አስተማማኝ ማቀዝቀዣ ከንቱ ነው። ሴንሰር ከዚያ በኋላ ይምጣ፣ እሱም በቅድሚያ ለሕፃናትና ስኳራቸው ሲወርድ ምልክቱ ለማይታወቃቸው።

የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ለትግራይ የወራት መጠባበቂያ ኢንሱሊን እዚያው መቀሌ እንዲያስቀምጥ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። ዘመድ ፓምፕ የላከላችሁም ብትኖሩ ሲሪንጁንና ለረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን ከቤት አታጥፉ፤ መጠኑንም አስቀድማችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት።