ተጨማሪ መረጃ፦ ረቂቅን በጆሮ ማረም

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው። ብዙዎች ልብ ወለዱን የሚያውቁት በዚያ ድምፅ ነው። የተማሪ ድርሰትም ጮክ ተብሎ ሲነበብ ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዛል፦ ትንፋሽ የሚያሳጥር ዓረፍተ ነገር ለሁለት ይከፈላል፤ በከንቱ የተደጋገመ ቃል ይሰረዛል። ከቀላል የእርማት ዘዴዎች ይህን የሚያህል የለም።

ቀጥሎ ጆሮ የማይለየው የፊደል ልዩነት ይፈተሻል።

ለምሳሌ፣ በሐዋሳ ያለው የምሥራቅ ክፍለ ከተማ ስም በ«ሠ»ም በ«ሰ»ም ይጻፋል። ለአንባቢ ለውጥ የለውም፤ ኮምፒዩተር ግን ሁለቱን እንደ ተለያዩ ፊደላት ስለሚቆጥራቸው፣ አንዱን የፈለገ ሰው ሌላውን ላያገኝ ይችላል። የከተማዋ ስምም «ሀዋሳ»፣ «ሐዋሳ»፣ «አዋሳ» ተብሎ ይገኛል። ጠንቃቃ ጸሐፊ አንዱን መርጦ፣ የስሞቹን አጻጻፍ በተለየ ወረቀት መዝግቦ ረቂቁን ከዚያ ጋር ያመሳክራል።