ሳተላይት የሐይቅና የአምባሰልን ማሳ እንዴት ያየዋል?

ዛሬ ስለ ዋጋ ሳይሆን ዋጋ ስለሚያሳጣን ነገር ላውራ። ከሐይቅና ከአምባሰል በኩል «ለጓሮ ቡና ካርታ ለምን ይጠየቃል?» የምትሉኝ አላችሁ።

የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. (ዲሴምበር 31, 2020) በኋላ ደን ተመንጥሮ የለማ ቡና አያስገባም። በትልልቅና መካከለኛ ገዢዎች ላይ የሚጸናው ከዲሴምበር 30, 2026 ጀምሮ ነው። አኩሪ አተር፣ ቆዳና እንጨትም አሉበት። ማሾና ጤፍ የሉበትም፤ የማሾ ነጋዴ በዚህ አይጨነቅ።

ገዢው የማሳውን መገኛ ወስዶ ከሳተላይት ምስል ጋር ያመሳክራል። እስከ 4 ሄክታር አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ዙሪያው ይለካል። ሴንቲኔል 2 የሚባሉት ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ ገደማ ያነሳሉ፤ የምስሉ አንድ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ሩብ ሄክታር ጓሮ 25 ነጥብ ብቻ ማለት ነው። ክረምት ላይ ደመና ይጋርዳል። ደግነቱ የሕጉ መነሻ ቀን በጋ ላይ ነው የዋለው፤ ጤፉም ማሽላውም ሲነሳ ዛፉ ለብቻው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል።

ግን ይሳሳታል። የጥላ ዛፍ ሥር ያለ ቡና ደን ይመስለዋል። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ደን የጠፋ ይመስለዋል፤ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ አያውቅም። ሁለቱም እኛ ጋ የተለመዱ ስለሆኑ ፎቶና የይዞታ ደብተር አብሮ ይቀመጥ።

ከሳተላይቱ የባሰው ግን የእኛ አመዘጋገብ ነው፦

👉 ሐይቅ በግምት 11.3 ሰሜን፣ 39.7 ምሥራቅ ላይ ነው። ቁጥሩን ካገላበጣችሁት ቡናችሁ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ በቀለ ማለት ነው።

👉 ከነጥብ በኋላ 6 አሃዝ ጻፉ። በ2 አሃዝ ብቻ ካቆማችሁ ስህተቱ በመቶዎች ሜትር ይሆናል፤ የዳር ጓሮ ሐይቁ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

👉 መገኛው ያልታወቀ ቡና ከታወቀው ጋር ከተቀላቀለ ሙሉ ጭነቱ ነው የሚወድቀው።

በመጨረሻ ለማኅበራትና ዩኒየኖች፦ ላኪው ቢለካላችሁም ቅጂውን ተቀበሉ። መረጃው በእሱ እጅ ብቻ ከቀረ፣ ሌላ የተሻለ ዋጋ ቢመጣ እንኳ መሸጥ ይከብዳችኋል። መገኛውን የያዘ ነው ዋጋ የሚደራደረው።